ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት፦ ስለ አሮጌ ፒካፕ ፍሪሲዮን ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከጎንደርና ከዙሪያዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አሮጌ ፒካፕ ፍሪሲዮን የሚጠይቁ ናቸው። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ ለዘይቱ መስመር ሰጥተነዋል። ይህም ከፔዳሉ ጋር ከተያያዘው ላይኛው ፖምፓ ተነሥቶ፣ በብረትና በጎማ ቱቦ አልፎ፣ ካምቢዮው (የማርሹ ሳጥን) ጎን እስከታሰረው ታችኛው ፖምፓ ድረስ ያለው ነው። በገመድ የሚሠራ ፍሪሲዮን ያላቸው አንባቢዎች ለዛሬ ይታገሡን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለ 3ኤል ሞተር አሮጌ ሃይሉክስ አለችኝ። ወደ ፒያሳ ስወጣ መኪና ተደርድሮ ፍሪሲዮን ረግጬ ከቆምኩ ፔዳሉ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ያኔ አንደኛ ማርሽ ይንጫጫል፣ የኋላ ማርሽ ጭራሽ አይገባም። ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስረግጠው ይስተካከላል። መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት የለም። መካኒኩ ግን «ዲስኩ አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ» ይለኛል። ላስወርደው? — ከአዘዞ

መልስ፦ ገና ነው፣ አያስወርዱ። ያለቀ ዲስክ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አቀበቱን አይገፋም። የእርስዎ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፍሪሲዮኑ አልለቅ ብሏል። ተረግጦ ሲያዝ የሚሰምጥና ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ የሚነሣ ፔዳል ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ላይኛው ፖምፓ ውስጥ ያለው የፊተኛው ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደው ጎማ ነው። የጎሚኒው ከንፈር ሲበላ ወይም የፖምፓው የውስጥ ግድግዳ ሲቦረቦር ዘይቱ በጎሚኒው ዙሪያ ሾልኮ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው ቋት ይመለሳል። ወደ ውጭ ስለማይወጣ መሬት ላይ ጠብታ አያዩም፣ ቋቱም አይጎድልም። ቶሎ ሲረግጡት ዘይቱ ለመሹለክ ጊዜ ስለማያገኝ ፍሪሲዮኑ ይለቃል።

ይህን ገንዘብ ሳያወጡ ማረጋገጥ ይቻላል። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ፣ ሞተሩ ይጥፋ። ከሥር ገብተው ታችኛውን ፖምፓ ያግኙት፤ ከውስጡ ወጥቶ ፎርኬታውን (ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀውን ሹካ መሰል ብረት) የሚገፋ ዘንግ አለው። ዘንጉ ያለበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያድርጉና ረዳትዎ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ እንዲይዝ ያድርጉ። ዘንጉ ስንት ሚሊሜትር እንደተገፋ በማስመሪያ ይለኩ። በጋቢናው በኩል ደግሞ ፔዳሉ ላይኛውን ፖምፓ የሚገፋበት ዘንግ ስንት እንደሄደ ይለኩ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የፖምፓ የውስጥ ስፋት ልክ ላይኛው 5/8፣ ታችኛው 13/16 ኢንች ነው። በዚህ ልክ የላይኛው ዘንግ 10 ሚሊሜትር ሲገፋ የታችኛው 6 ገደማ መሄድ አለበት። ላይኛው 25 ከሄደ ታችኛው 15 አካባቢ ይጠበቅበታል ማለት ነው።

ረዳትዎ ፔዳሉን ሳይለቅ አንድ ደቂቃ ይቆይ። እርስዎ ዘንጉን ይመልከቱ።

ዘንጉ መጀመሪያ በቂ ሄዶ፣ ፔዳሉ እንደተረገጠ ሳለ ቀስ እያለ ከተመለሰና ውጭ ላይ እርጥበት ከሌለ ጥፋቱ የላይኛው ፖምፓ ነው። ከመጀመሪያውም ካነሰና ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከላላ አየር ገብቷል። በቂ ሄዶ ደቂቃውን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ከቆመ፣ ማርሹ ግን አሁንም የሚንጫጫ ከሆነ፣ የዘይቱ መስመር ጤነኛ ነው። ካምቢዮ ማውረድ ትርጉም የሚኖረው ያኔ ብቻ ነው፤ የተጣመመ ፎርኬታ፣ የተጣበቀ ዲስክ ወይም ቮላኖው (ዲስኩ የሚያርፍበት ከባዱ የሞተር መዘውር) መሐል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ይሆናል። ይህን ልኬት ሳይወስድ ካምቢዮ ላውርድ የሚልዎትን መካኒክ በትሕትና «መጀመሪያ ዘንጉን እንለካ» ይበሉት። ካምቢዮ ለማውረድና ለመመለስ የሚሄደው ጉልበት ብቻውን ከሁለት የጎሚኒ ኪት በላይ ያስወጣል።

ልኬቱ ካጠራጠርዎ ሌላ መንገድ አለ። የጎማውን ቱቦ ጥርስ በሌለው ማጠንከሪያ ቀስ ብለው ያፍኑት። ባዶ ፒንሳ የቱቦውን ውስጥ ስለሚሰነጥቅ አይጠቀሙበት። ታፍኖም ፔዳሉ ከሰመጠ ላይኛው ፖምፓ ነው፤ ጠጥሮ ከቆመ ችግሩ ከታፈነው ቦታ በታች ነው።

እግረ መንገድዎን ሁለት ቦታ ይዳስሱ። አንደኛው ከፔዳሉ በላይ፣ ዘንጉ ላሜራውን ሰንጥቆ ወደ ፖምፓው የሚገባበት ነው። እዚያ ርሶ ከሆነ ወይም የላሜራው ቀለም ከተላጠ የኋለኛው ጎሚኒ አልቋል። ሁለተኛው ታችኛው ፖምፓ ጫፍ ላይ ያለው የአቧራ መከላከያ ጎማ ነው። ጎማውን ወደኋላ ገልብጠው ይዩ፤ ትንሽ ወዝ ያለ ነው፣ ዘይት ከፈሰሰ ግን ፖምፓው ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ሁለት ጊዜ የታችኛውን ፖምፓ ጎሚኒ ቀየርኩ። ጥቂት ሳምንት ይሠራና መልሶ ያፈሳል። ጎሚኒው ኦሪጅናል ነው ተብዬ ነው የገዛሁት። ምን ላድርግ? — ከማራኪ

መልስ፦ ጎሚኒውን ከመውቀስዎ በፊት የገባበትን ቤት ይመርምሩ። በዚህ መስመር የሚሞላው የፍሬን ዘይት እርጥበት የመምጠጥ ባሕርይ አለው፤ በጎማው ቱቦና በቋቱ ክዳን በኩል ከአየሩ ውኃ ይስባል። ውኃው እየተጠራቀመ ታችኛው ፖምፓ ውስጥ ይተኛና ግድግዳውን ያዝገዋል። በዛገና በተቦረቦረ ግድግዳ ላይ የሚመላለስ አዲስ ጎሚኒ ከንፈሩ ቶሎ ይበላል።

ፖምፓውን ይፍቱ። ከካምቢዮው ጋር የያዙት ሁለቱ ቡሎኖች በብዙ ሃይሉክስ ላይ በ12 ቁጥር ቁልፍ ይፈታሉ፣ የቱቦው ዳዶ በ10። የቱቦ ዳዶ ሲፈታ ጠርዙ ቶሎ ይበላልና ተራ ክፍት ቁልፍ ሳይሆን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘውን ይጠቀሙ። ፒስተኑን ያውጡ፣ ውስጡን በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉና በባትሪ እያበሩ ይዩ። ከዚያ የጥፍርዎን ጫፍ ግድግዳው ላይ ይጎትቱ። ጥፍርዎን ምንም ካልያዘው ኪት ይበቃል። ጭረት ወይም ጉድጓድ ከያዘው ፖምፓው በሙሉ ይቀየር። በካርታቬትሮ መፈግፈግ መፍትሔ አይደለም፤ በተለይ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ርዝመቱን ተከትለው ከፈገፈጉት ለዘይቱ መውጫ ቦይ እየቆፈሩለት ነው።

ሌላው ብዙ የምናየው ስሕተት ጎሚኒውን የሚያጥቡበትና የሚያለሰልሱበት ነገር ነው። በናፍጣ፣ በቤንዚን ወይም በግራሶ የተነካ ጎሚኒ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያም ይቀደዳል። እነዚህ ጎሚኒዎች የተሠሩት ለፍሬን ዘይት እንጂ ለነዳጅ ዘር አይደለም። ሲገጥሙ ከታሸገ ዕቃ በወጣ የፍሬን ዘይት ብቻ ያርሷቸው። የሰፋው የጎሚኒው ከንፈር ሁልጊዜ ግፊቱ ወደሚመጣበት ማለትም ወደ ዘይቱ ይዞር። ተገልብጦ ከገባ በመጀመሪያው ቀን ያፈሳል።

ሙሉ ፖምፓ የሚገዙ ከሆነ ልኩን ያረጋግጡ። ብዙ ጊዜ አካሉ ላይ በብረቱ ተቀርጾ ይገኛል፦ 5/8፣ 3/4፣ 13/16፣ 7/8። «የሃይሉክስ ነው» መባሉ ብቻውን አይበቃም። ላይኛው 5/8 ሆኖ ታችኛው 13/16 ከነበረና በምትኩ 7/8 ከተገጠመለት፣ ላይኛው 10 ሚሊሜትር ሲገፋ ታችኛው 6 ገደማ መሄዱ ቀርቶ 5 ገደማ ብቻ ይሄዳል። ፔዳሉ ይቀልልዎታል፣ ፍሪሲዮኑ ግን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ሰዎች ይህን «አየር አለበት» እያሉ ቀኑን ሙሉ ሲረግጡ ይውላሉ።

የላይኛውንስ? ሁለቱ ፖምፓዎች እኩል ያረጁ ከሆኑ አብረው ይታደሱ። አንዱ ሲታደስ ግፊቱም የሚሄድበት ርቀትም ሙሉ ይሆናል፤ የሌላው አሮጌ ጎሚኒ ደግሞ ለዓመታት ወዳልደረሰበት ዝገት ያለበት ቦታ ይገፋና ይላጣል። በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ መኪና ሥር ከመተኛት በአንድ ቀን መጨረስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፔዳሉን ስረግጥ ከሥር ይጮኻል፣ ስለቅ ይተዋል። ዘይቱን ልቀይር? — ከዳባት

መልስ፦ ዘይት አያድነውም። ሲረገጥ የሚጀምርና ሲለቀቅ የሚተው ጩኸት የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ ለመቀየር ካምቢዮ መውረዱ ግድ ነው። ተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለትም ተለቆ እየጮኸ ሲረገጥ ቢተው፣ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ይጠረጠር ነበር።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም ፖምፓ በአዲስ ቀየርን። አየሩን ለማውጣት ግማሽ ቀን ረገጥን፣ አንድ ሙሉ ዕቃ ዘይት ጨረስን። ፔዳሉ አሁንም ስፖንጅ ነው። ምን ቀረን? — ከደባርቅ

መልስ፦ መስመሩ የሚይዘው ዘይት ትንሽ ነው፤ ሥርዓቱን ጠብቀው ከሠሩ ከ250 እስከ 300 ሚሊሊትር ይበቃል። አንድ ሙሉ ዕቃ ካለቀ አየሩ አንድ ቦታ ተሸሽጓል ወይም ከሆነ ቦታ አዲስ አየር እየገባ ነው።

መጀመሪያ ታችኛው ፖምፓ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን አቀማመጥ ይዩ። ከፖምፓው ከፍተኛ ቦታ ላይ መሆን አለባት። ቡሎኗ ወደ ታች የዞረችበት ፖምፓ ከተገጠመ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ዘይቱ ብቻ ከሥር ይወጣል፤ ሳምንት ቢረግጡ አይጠራም። እንዲህ ከሆነ ፖምፓውን ከቡሎኖቹ ፈትተው፣ ቱቦውን ሳይነቅሉ፣ የማስወጫዋ ጫፍ ወደ ላይ እንዲሆን ይዘው አየሩን ማውጣት ይችላሉ። ያኔ ዘንጉ ተወርውሮ እንዳይወጣ ፒስተኑን የሚይዝ ነገር ይደግፉበት።

ላይኛው አዲስ ፖምፓም ባዶውን ከተገጠመ ውስጡ ያለው አየር ለመውጣት ይቸገራል። ገና ሳይገጠም ጠረጴዛ ላይ በዘይት ሞልተው፣ የዘይት መውጫውን በጣት እየዘጉና እየከፈቱ ፒስተኑን በቀስታ ይግፉት፤ አረፋው ሲቆም ይግጠሙት። አሁን ከተገጠመ በኋላ ከሆነ ደግሞ የቱቦውን ዳዶ ከላይኛው ፖምፓ ላይ በሩብ ዙር አላልተው፣ ረዳቱ ፔዳሉን ወደ ታች ሲገፋ አየሩ እንዲወጣ ያድርጉ፤ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ያጥብቁት። ሥሩ ጨርቅ ያድርጉ። የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይልጣል፤ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውኃ ይጠብ።

ከዚያ ወደ ታች ይሂዱ። የማስወጫዋን ቡሎን ዙሪያ በብሩሽ ያጽዱ። እንደ ፖምፓው 8 ወይም 10 ቁጥር ቁልፍ ነው፤ ቁልፉን መጀመሪያ አስገብተው በላዩ ላይ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ይሰኩ። የግሉኮስ ቱቦ ልኩ ጥሩ ነው። ሌላውን ጫፍ ግማሽ ዘይት ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይንከሩት። ረዳቱ በዝግታ ይረግጥና ይያዝ፤ እርስዎ ይክፈቱ፣ ዘይቱ ሲቆም ይዝጉ፤ «ልቀቅ» የሚሉት ከዘጉ በኋላ ብቻ ነው። ቡሎኗ ተከፍታ ሳለ ፔዳሉ ከተለቀቀ የወጣውን አየር መልሶ ይስባል። በፍጥነት መርገጥም ጉዳት አለው፤ ትልቁን አረፋ ሰባብሮ ብዙ ጥቃቅን ያደርገዋል፣ ጥቃቅኑ ደግሞ ለመውጣት ሰነፍ ነው። በየአምስት ርግጫው ቋቱን ይሙሉ። ቋቱ አንዴ ባዶ ከሆነ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልጠራ ከሥር ወደ ላይ ይግፉት። እኛ ለአዲስ ፖምፓ የምንመርጠው ይህንኑ ነው፤ አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ ስለሚሄድ መንገዱን ያግዘዋል። ባለ 60 ሚሊሊትር አዲስ ሲሪንጅ በዘይት ሞልተው፣ በውስጡና በቱቦው አየር እንዳይቀር አውጥተው፣ ማስወጫዋ ላይ ይሰኩት። ቡሎኗን ግማሽ ዙር ከፍተው በዝግታ ይግፉ። ሌላ ሰው ቋቱን ይመልከት፤ አረፋ ይንቦጨቦጫል፣ ዘይቱም ከፍ ይላል። ሞልቶ እንዳይፈስ በሌላ ሲሪንጅ ይቅዱለት፤ የተቀዳው ግን ተመልሶ አይጨመር። ሁለት ሲሪንጅ ከገፉ በኋላ ዝጉና ፔዳሉን ይሞክሩ።

አንድ ነገር እንዳያታልልዎ። ቡሎኗ ስትከፈት በጥርሷ በኩል አየር ስለምትስብ በቱቦው ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ማየት ላያቋርጥ ይችላል። ፍርዱ ያለው ፔዳሉ ላይ ነው። ከላይ ትንሽ ነጻ ጨዋታ ኖሮት ከዚያ ወዲያ ጠጣር ከሆነና የታችኛው ዘንግ ልኬት ከላይ ለአዘዞው አንባቢ ከጻፍነው ጋር ከተስማማ ሥራው አልቋል።

ጥያቄ፦ ላይኛው ፖምፓ ከተቀየረ ወዲህ ከተማ ውስጥ ደህና ነው። ሰሊጥ ልጭን ወደ መተማ ስወርድ ግን ሙቀቱ ሲበረታ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይሸታል። ቆሜ ሲቀዘቅዝ ይተወዋል። ዲስኩ አዲስ ነው። — ከገንዳ ውኃ

መልስ፦ መስመሩ ውስጥ ግፊት ታስሯል። ላይኛው ፖምፓ ውስጥ ፔዳሉ ሲለቀቅ ዘይቱ ወደ ቋቱ የሚመለስባት ጠባብ ቀዳዳ አለች። የፔዳሉ ዘንግ ረዝሞ ከተስተካከለ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስምና ቀዳዳዋ እንደተደፈነች ትቀራለች። የመስመሩ ዘይት በቆላው ሙቀትና በሞተሩ ግለት ሲሰፋ መሄጃ ያጣል፤ ታችኛውን ዘንግ ይገፋል፤ እርስዎ ሳይረግጡ ፍሪሲዮኑ ግማሹን ተረግጧል። አዲሱ ዲስክ በዚህ ሁኔታ ብዙ አይቆይምና እስኪስተካከል ድረስ ጭነት ይዘው አይውረዱ።

ሲንሸራተት ዳር ይዘው ያቁሙና ላይኛው ፖምፓ ላይ ያለውን የቱቦ ዳዶ ትንሽ ያላሉት። ዘይት ተፈናጥሮ ፎርኬታው ከተመለሰ ጥፋቱ የላይኛው ፖምፓ ወይም የዘንጉ ልክ ነው። ምንም ካልሆነ ያጥብቁትና የታችኛውን ማስወጫ ይክፈቱ። የተመለሰው ከዚህ ከሆነ መሐል ያለው የጎማ ቱቦ ከውስጥ አብጦ መንገዱን ዘግቷል፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና ሊመስል ይችላል። ቱቦው ይቀየራል።

የዘንጉ ማስተካከያ ቀላል ነው። ከፔዳሉ በላይ መቆለፊያ ዳዶውን አላልተው ዘንጉን በማዞር ያሳጥሩ። ፔዳሉን በጣት ሲጫኑት፣ ዘንጉ ፒስተኑን ከመንካቱ በፊት ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ባዶ ጨዋታ ይኑረው። ጠቅላላ ነጻ ጨዋታው፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ መጠጠር እስኪጀምር፣ ከ5 እስከ 15 ሚሊሜትር ነው። ዳዶውን ካጠበቁ በኋላ ደግመው ይለኩ፤ ሲጠብቅ ዘንጉን ይዞት ይዞራልና። ከዚያ የቋቱን ክዳን ከፍተው ረዳቱ ፔዳሉን ሲለቅ ዘይቱ ላይ ትንሽ ሞገድ ካዩ ቀዳዳዋ ተከፍታለች።

ጥያቄ፦ አባቴ በአሮጌ ፒካፕ ሽንኩርት ያመላልሳል። የፍሪሲዮን ዘይት መንገድ ላይ ሲጎድልበት የሞተር ዘይት ይጨምራል፤ «ዘይት ዘይት ነው» ይላል። ጉዳት አለው? — ከቆላ ድባ

መልስ፦ እህታችን፣ ጉዳቱ ትልቅ ነው፤ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይትና የካምቢዮ ዘይት ጎሚኒዎቹን ያሳብጣሉ። ያበጠ ጎሚኒ ፖምፓው ውስጥ ይቀረቀራል፣ ፔዳሉም ወርዶ ይቀራል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በአንዳንድ መኪኖች ፍሪሲዮኑ ዘይቱን የሚወስደው ከፍሬኑ ቋት መሆኑ ነው። የአባትሽ መኪና እንዲህ ያለ ከሆነ የሞተር ዘይቱ ፍሬን ውስጥ ገብቷልና የፍሬኑ መስመር በባለሙያ ተከፍቶ ሳይታደስ መኪናው አይነዳ።

ለብቻው ቋት ካለው ሥራው ይህን ይመስላል። የሁለቱም ፖምፓ ጎሚኒዎች፣ የጎማው ቱቦና የቋቱ ክዳን ጎማ ይጣላሉ። የብረቱ ቱቦ በአልኮል ይታጠባል፣ በአየር ይደርቃል፤ ቋቱም እንደዚሁ። ከዚያ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የተባለ አዲስ የፍሬን ዘይት ይሞላል። ሁለቱ ዝምድና አላቸው፣ ቢቀላቀሉም ጎሚኒ አይጎዱም፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዶት 4 እስከ 230 ሳይፈላ ይቋቋማል። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ግን ዘሩ ሌላ ነውና አይቀላቀል። ዘይቱ በሃይላንድ ተቀድቶ ከሚሸጥበት አይገዛ፤ ስንት ቀን ተከፍቶ እንደቆየና ምን ያህል ውኃ እንደጠጣ አይታወቅም። ማሸጊያው ያልተነካ ትንሽ ዕቃ ይግዙ፣ የተረፈውን ክዳኑን አጥብቀው መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። ዘይቱም በየሁለት ዓመቱ ይታደስ። ለእኛ አገር ጥሩ ጊዜው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ ነው።

መንገድ ላይ ዘይቱ ቢያልቅና የፍሬን ዘይት ባይገኝ ምንም ሌላ ነገር አይጨመር። ሜዳ ላይ ከሆኑና ከፊት ሰው ከሌለ ሞተሩን አጥፍተው አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ እግራቸውን ከነዳጅ አንሥተው በማስነሻው ብቻ ያስነሡት፤ አሮጌ ናፍጣ ሞተር በአንደኛ ማርሽ እየተራመደ ይነሣል። ከዚያ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ በዝግታ እስከ ቅርቡ ጋራዥ ይሂዱ። ለመቆም ማርሹን ወደ ባዶ አውጥተው ፍሬን ይያዙ። ጭነት ካለ ወይም መንገዱ አቀበትና ቁልቁለት ከሆነ ግን ይህን አይሞክሩት፤ ታኮ አድርገው እዚያው ይጠብቁ፣ ዘይቱን በሚያልፍ መኪና ያስልኩ።